ማሳደጊያው ሲዘጋ መዝገቡ የት ይገባል?

የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጥር 1 ቀን 2010 ዓ.ም. የቤተሰብ ሕጉን አሻሽሎ የውጭ አገር ጉዲፈቻን ሲያግድ ብዙ ተብሏል፤ የደገፈም ነበር፣ የተቃወመም ነበር። ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ በርካታ የሕፃናት ማሳደጊያዎች በራቸውን ዘግተዋል። ማሳደጊያ ሲዘጋ አልጋውና ብርድ ልብሱ ለሌላ ቤት ይሰጣል፣ ምጣዱና ድስቱ ይከፋፈላል፣ ግቢው ትምህርት ቤት ወይም ክሊኒክ ይሆናል። ለዚህ ሁሉ ቃለ ጉባኤ ይያዛል፣ ርክክብ ይፈረማል። የልጆቹ ፋይል ግን ብዙ ጊዜ በንብረት ዝርዝሩ ላይ አይገኝም። ከአሮጌ ደረሰኝ ጋር በማዳበሪያ ከረጢት ታስሮ ዕቃ ቤት ይገባል፤ ወይም ሥራ አስኪያጁ ይዞት ይሄዳል፤ ወይም አዲሱ ተከራይ ያቃጥለዋል።

ልጆቹ ግን አድገዋል። በአሜሪካ የ2010 የበጀት ዓመት (እ.ኤ.አ.) ብቻ ከ2,500 በላይ ኢትዮጵያውያን ሕፃናት በጉዲፈቻ ወደዚያ አገር ገብተዋል። ያኔ ሦስት ዓመት የነበረው ልጅ ዛሬ 18 አልፎታል። ወደ ስፔን፣ ወደ ፈረንሳይ፣ ወደ ጣሊያን፣ ወደ ዴንማርክ የሄዱም አሉ፤ ከአገር ሳይወጡ በማሳደጊያ ውስጥ ያደጉም አሉ። ከነዚህ ጥቂት የማይባሉት ያለፉት በአብያተ ክርስቲያናት በሚተዳደሩ ወይም በሚደገፉ ቤቶች ነው። ወደ ቀድሞው በር ተመልሰው ሲያንኳኩ የሚጠይቁት ገንዘብ ወይም ይቅርታ አይደለም። ማን አመጣኝ? ከየት? እናቴ በእርግጥ ሞታ ነበር? ይህንን ነው የሚጠይቁት። መልሱ ካለ ያለው በአንድ ካኪ ፎልደር ውስጥ ነው።

ስለዚህ ክርክራችን አጭር ነው። ማሳደጊያ ለልጁ እንጀራና አልጋ ይሰጠዋል፤ ከልጁ የሚቀበለው አደራ ግን ታሪኩን ነው። መዝገቡ የልጁ ንብረት ነው፣ ቤቱ ባለአደራ ነው። አብያተ ክርስቲያናት፣ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶም ሆነች ካቶሊክ ወይም የወንጌላውያን ማኅበራት፣ ከዚህ በኋላ ስለ ሕፃናት ሥራቸው ሲመክሩ የመጀመሪያው አጀንዳ ይህ እንዲሆን እንጠይቃለን። ምክንያቱን ከታሪክ እናሳያለን፤ አሠራሩንም እንዘረዝራለን። ከኢትዮጵያ ውጭ ለተፈጸሙ ነገሮች የምንጠቅሰው ዓመት በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ቤተ ክርስቲያን የሙት ልጅን በመጀመሪያ የላከችው ወደ ቤተሰብ እንጂ ወደ ተቋም እንዳልነበር መታወስ አለበት። በግእዝ የምናነበው የቤተ ክርስቲያን የሥርዓት መጽሐፍ ዲድስቅልያ፣ ልጅ የሌለው ክርስቲያን የሙት ልጅን እንደ ልጁ አድርጎ እንዲወስድ፣ ወንድ ልጅ ያለው ደግሞ ሙት ልጅ የሆነችውን ሴት አሳድጎ ጊዜው ሲደርስ ለልጁ እንዲድራት ያዛል። የእኛው ማደጎና የጡት ልጅ፣ የኦሮሞው ጉዲፈቻ ከዚሁ መንፈስ የራቁ አይደሉም። ልጁ በመንደሩ መካከል ስለሚያድግ መዝገብ አያስፈልገውም ነበር፤ የማን ልጅ እንደሆነ ጎረቤት ሁሉ ያውቃል። ልጁን ከመንደሩ አውጥተህ ሌላ ከተማ ባለ ግቢ ውስጥ ስታስቀምጠው ግን የጎረቤቱን ትውስታ የሚተካው ወረቀት ብቻ ነው።

ይህንን ቀድሞ የተረዳው ቅዱስ ባስልዮስ ነው። በ4ኛው መቶ ዘመን በቀጰዶቅያ ቂሳርያ (በዛሬዋ ቱርክ)፣ ከ368 እና 369 ረሃብ በኋላ፣ ከከተማው ውጭ ለድሆች፣ ለሕሙማንና ለእንግዶች ትልቅ ማረፊያ አቋቋመ። ለመነኮሳት በሠራው ሥርዓት ሕፃናትን ስለ መቀበል ሁለት የተለያየ ደንብ አለው። ወላጅ የሌላቸውን እንደ አባት ሆነን በራሳችን እንቀበላቸዋለን ይላል፤ ወላጅ ያላቸውን ግን ወላጆቻቸው ራሳቸው ሲያመጧቸው፣ በብዙ ምስክሮች ፊት። ምክንያቱንም ይናገራል፦ ሐሜት የሚፈልግ አፍ እንዲዘጋ። ከ1,600 ዓመት በፊት ወላጅ ያለውንና የሌለውን ለይቶ፣ ምስክር አቁሞ መረከብ የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ነበር ማለት ነው። የኋላው ጥፋት ሁሉ ይህን ልዩነት ከመርሳት የመጣ ነው ብንል አናጋንንም።

በፍሎረንስ በ1445 የተከፈተው የኢኖቼንቲ ማሳደጊያ፣ የሐር ነጋዴዎች ማኅበር ያስተዳድረው የነበረው፣ እናቶች ከሕፃኑ ጋር ለሁለት የተከፈለ ሳንቲም ወይም ሜዳልያ ሲያስቀምጡ ያንኑ ጠብቆ ያቆይ ነበር። ግማሹ ከልጁ ጋር፣ ግማሹ ከእናት ጋር። ዛሬም በሙዚየሙ መሳቢያዎች ውስጥ ይታያል። ድሃዋ እናት ልጇን ስትሰጥ ተስፋ እንዳልቆረጠች ከዚያ ቁራጭ ብረት የበለጠ ምስክር የለም።

ለእኛ የሚቀርበው ግን የሎቭዴል ልጆች ታሪክ ነው፤ በአገራችን ይበልጥ ሊታወቅ የሚገባው። በመስከረም 1888 ኦስፕሬይ የተባለች የእንግሊዝ የጦር መርከብ በቀይ ባሕር ላይ ለባርነት የሚጓዙ የኦሮሞ ልጆችን የጫኑ ጀልባዎች ያዘች። ልጆቹ ወደ ኤደን ተወሰዱ፤ ከነሱ ብዙዎቹን በሼክ ዑስማን የነበረው የስኮትላንድ ነፃ ቤተ ክርስቲያን ሚሲዮን ተቀበላቸው። የቦታው ሙቀትና በሽታ ስለጎዳቸው በነሐሴ 1890 64ቱ ወደ ደቡብ አፍሪካ፣ የዚያው ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ወደሆነው ወደ ሎቭዴል ተዛወሩ፤ 42 ወንዶችና 22 ሴቶች። ልብ የሚባለው ከዚያ በፊት የተሠራው ነው። ሚሲዮናውያኑ ኦሮምኛ የሚያውቁ አስተርጓሚዎችን አስቀምጠው እያንዳንዱን ልጅ ለብቻው ጠየቁ፤ ጥያቄውም ለሁሉም አንድ ዓይነት ነበር። ስምህ ማን ነው? የአባትህስ፣ የእናትህስ? ስንት ወንድምና እህት አለህ? አገርህ የት ነው? አባትህ መሬትና ከብት ነበረው? ማን ያዘህ፣ ለማን ሸጠህ፣ በስንት ሰው እጅ አለፍህ፣ በየትኛው መንገድ ወደ ባሕር ደረስህ?

ይህ የተጻፈው ከ130 ዓመት በላይ አልፎታል። ወረቀቱ ግን ተርፏል። በእሱ ምክንያት አንዲት ደቡብ አፍሪካዊት የታሪክ ተመራማሪ የልጆቹን ጉዞ ከመንደር እስከ ወደብ በካርታ ላይ ማስፈር ችላለች። በሮበን ደሴት ከኔልሰን ማንዴላ ጋር የታሰረው የደቡብ አፍሪካ ታጋይና የቋንቋ ምሁር ኔቪል አሌክሳንደር የእናቱ እናት ከነዚህ ልጆች አንዷ፣ ቢሾ ጃርሳ፣ ነበረች። ስሟ ከነአባቷ ስም በዚያ መዝገብ ላይ አለ። ሎቭዴል ፍጹም አልነበረም፤ የሞቱ ልጆች ነበሩ፣ ወደ አገር የመመለስ ጥያቄም ለዓመታት ቆይቷል፤ በ1909 ወደ ኢትዮጵያ የተመለሱት 17 ናቸው። ሆኖም በቴሌግራፍና በእንፋሎት መርከብ ዘመን፣ በባዕድ ቋንቋ፣ ይህን ያህል መጻፍ ከተቻለ፣ በ1990ዎቹ ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ኮምፒዩተር ባለው ቢሮ «ወላጅ ያልታወቀ» ብሎ ማለፍ ምን ማመካኛ አለው?

ተቃራኒውን ለማየት ወደ አየርላንድ እንሂድ። በጎልዌይ አውራጃ፣ ቱአም በምትባል ከተማ፣ የቦን ሴኩር ገዳማውያት ከ1925 እስከ 1961 ያላገቡ እናቶችንና ልጆቻቸውን የሚቀበል ቤት ያስተዳድሩ ነበር። የአውራጃው ምክር ቤት በነፍስ ወከፍ ይከፍላል፣ ገዳማውያቱ ያሳድራሉ። ካትሪን ኮርለስ የተባለች የአካባቢው የታሪክ አጥኚ በዚያ ቤት የሞቱትን ሕፃናት የሞት ምስክር ወረቀት ከመዝገብ ቤት በክፍያ እያወጣች ስትቆጥር 796 ደረሱ። ከዚያም ስማቸውን ከመቃብር መዝገቦች ጋር አስተያየች፤ አልተገኙም። ሞታቸው በመንግሥት መዝገብ ላይ ከነበሽታው ተጽፏል፤ የተቀበሩበትን ግን ቤቱ አልጻፈም። መጋቢት 2017 ላይ መንግሥት ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን በግቢው ስር፣ ከፍሳሽ ጋር በተያያዘ ክፍል ክፍል በሆነ ግንብ ውስጥ፣ ብዛት ያለው የሕፃናት አፅም መኖሩን አስታወቀ። ቁፋሮው የተጀመረው በሐምሌ 2025 ነው። በጥር 2021 የወጣው የኮሚሽኑ የመጨረሻ ሪፖርት በ18 ተቋማት 57,000 ያህል ልጆች እንዳለፉ፣ 9,000 ያህሉም እንደሞቱ መዝግቧል።

በዚያው አገር ብዙም የማይወራ፣ ለእኛ ግን ቀጥተኛ ትምህርት የሚሆን ሌላ ነገር አለ። ቅዱስ ፓትሪክ ጊልድ የተባለው፣ በገዳማውያት ይመራ የነበረው የጉዲፈቻ ድርጅት ሲዘጋ ፋይሎቹ በ2016 ለመንግሥት የሕፃናት ጉዳይ ተቋም ተላለፉ። ሠራተኞቹ ፋይሎቹን አንድ በአንድ ሲመረምሩ በአንዳንዶቹ ላይ ልጁ «ከልደት ጀምሮ» እንደተወሰደ የሚጠቁም ማስታወሻ አገኙ። ትርጉሙ የወለደችው እናት ስም ጨርሶ ሳይመዘገብ፣ ወስደው ያሳደጉት ሰዎች እንደ ወላጅ ተጽፈዋል ማለት ነበር። 126 እንዲህ ያሉ ሰዎች መኖራቸው በ2018 ተገለጸ፤ ከነሱ ውስጥ በሰባዎቹ ዕድሜ የደረሱ ነበሩ። ይህ እውነት የወጣው ፋይሉ ከድርጅቱ ጋር ስላልሞተ ነው። ከረጢት ውስጥ ገብቶ ቢሆን ኖሮ እነዚያ ሰዎች ያልወለዷቸውን እንደ ወላጅ ይዘው ይቀበሩ ነበር።

እንግሊዝም የራሷን ታሪክ ተሸክማለች። ከ1869 ጀምሮ ከ100,000 በላይ ልጆች ያለ ወላጅ ወደ ካናዳ ተልከዋል፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደግሞ በሺህ የሚቆጠሩ ወደ አውስትራሊያ። የላኩት ባርናርዶ የተባለው የሕፃናት በጎ አድራጎት ድርጅት፣ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ማኅበር፣ የካቶሊክና የሜቶዲስት ድርጅቶች፣ ሳልቬሽን አርሚ ናቸው፤ ሁሉም በበጎ ስም። ከልጆቹ ብዙዎቹ ወላጆቻችሁ ሞተዋል ተብለዋል፤ እናቶቻቸው ግን በሕይወት ነበሩ። የአውስትራሊያ መንግሥት በኅዳር 2009፣ የእንግሊዝ መንግሥት በየካቲት 2010 ይቅርታ ጠየቁ። ይቅርታው ሲነገር እናቶቹ አብዛኞቹ አርፈው ነበር።

ሐሰቱ ከየት ይመጣል? ሁልጊዜ ከክፉ ሰው አይደለም። ገንዘቡ የሚመጣው በልጅ ቁጥር ከሆነ ቤቱ ልጅ ለመመለስ አቅም ያጣል፤ አንድ ልጅ ወደ አያቱ ሲመለስ የአንድ ልጅ ድጋፍ ይቀራል፣ የሞግዚቷና የወጥ ቤቷ ደመወዝ ግን አይቀንስም። ለጋሹ «ሙት ልጅ» የሚለውን ቃል ሲፈልግ ደግሞ፣ እናቱ በሕይወት ያለች ልጅ ቀስ በቀስ «ሙሉ ወላጅ አልባ» ሆኖ ይጻፋል። በብዙ ቤቶች ለአንድ ልጅ ሁለት ፋይል ይኖራል፤ አንዱ በእንግሊዝኛ፣ ከፎቶና ከሚያስለቅስ ታሪክ ጋር ለለጋሽ የሚላክ፤ ሌላው በአማርኛ፣ ቀጭን፣ የፖሊስ ደብዳቤና የክትባት ካርድ ብቻ የያዘ። ልጁ አድጎ ሲመጣ የሚሰጠው ወፍራሙ ነው። ወፍራሙ ደግሞ ለሌላ ሰው የተጻፈ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው መድኃኒት በጀቱን ከልጅ ቁጥር ማላቀቅና ለመልሶ ማቀላቀል የተለየ ገንዘብ መመደብ ነው፤ ትራንስፖርት፣ የመጀመሪያ ወራት የእህል ድጋፍ፣ የክትትል ጉብኝት። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የአማራጭ የሕፃናት እንክብካቤ መመሪያ ተቋምን የመጨረሻ አማራጭ ያደርጋል፤ የገንዘቡ አካሄድ ካልተቀየረ ግን መመሪያው ከወረቀት አያልፍም።

አሁን ወደ ፋይሉ። በየቦታው የምናየው የአቀባበል ጽሑፍ እንዲህ ያለ ነው፦ «ሕፃኑ ተጥሎ የተገኘ፣ ዕድሜው 2፣ ወላጅ ያልታወቀ።» አንድ መስመር እንኳ አይሞላም፤ የአንድ ሰው ሙሉ ታሪክ ግን እሱ ነው። ያንኑ ልጅ በትክክል እንጻፈው። ጥቅምት 12 ቀን፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል፣ በሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ምዕራብ በር በኩል ዘበኛው አገኘው። የሚካኤል ክብረ በዓል ስለነበር ከገጠር የመጣ ሰው ብዙ ነበር። አረንጓዴና ቀይ ጥለት ባለው አሮጌ ነጠላ ተጠቅልሏል፤ አንገቱ ላይ ጥቁር ማተብ አለ፤ ቁንጮ ተትቶለታል። «አቡሽ» ሲሉት ዞር ይላል። «ውኃ» ሲል ከዚህ አካባቢ ሰው በተለየ ያወጣዋል። በግራ ቁርጭምጭሚቱ ላይ የእሳት ጠባሳ አለ። የዘበኛው ስም ይህ ነው፤ ፈርሟል። ለዚህ የሚያስፈልገው ሃያ ደቂቃ ነው። በዓሉ እናቲቱ ከየትኛው አቅጣጫ እንደመጣች ይጠቁማል፤ ጥለቱና ቁንጮው አካባቢ ይናገራሉ፤ ጠባሳውን የምታውቅ እናት ከሃያ ዓመት በኋላም አትረሳውም።

ፎቶው ልጁ ከመታጠቡና ልብሱ ከመቀየሩ በፊት ይነሳ። ከፊት፣ ከጎን፣ ጠባሳ ወይም ምልክት ካለ እሱን በቅርበት፣ ከዚያ ልብሱን በጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ። ብዙ ቤቶች አሳዝኗቸው መጀመሪያ ያጥቡታል፣ አሮጌውን ልብስ ይጥላሉ፤ ከርኅራኄ የመጣ ትልቅ ጥፋት ነው። ከልብሱ ቢያንስ ቁራጩ ታጥቦ፣ በደንብ ደርቆ፣ በወረቀት ፖስታ ይቀመጥ። በፌስታል ከሆነ ይሻግታል።

ዘመድ ያመጣው ከሆነ ቃሉ በራሱ ቋንቋ ይጻፍ፣ የተርጓሚው ስም ይያዝ፣ ተነቦለት የአውራ ጣት አሻራውን ያኑር፤ ከማሳደጊያው ሠራተኞች ውጭ የሆኑ ሁለት ምስክሮች ይፈርሙ። የባስልዮስ ደንብ ይኸው ነው። «እናቱ ሞታለች» ከተባለ ማን እንዳለ፣ እሱ በቀብሩ ላይ ነበር ወይስ ሰምቶ ነው የሚለው ይጻፍ፤ የተቀበረችበት ቤተ ክርስቲያንና የእናቲቱ እድር ይጠየቅ። እድር የሞተ ሰውን አይረሳም፤ መዝገቡ ከቀበሌ መዝገብ ይልቅ የታመነ የሚሆንበት ጊዜ አለ።

አድራሻ ላይ የሚሠራው ስህተት ከሁሉ ይበዛል። «ደቡብ ክልል፣ ቀበሌ 05» የሚል ፋይል ዛሬ ምንም አይናገርም። ቀበሌዎች ተጣምረዋል፣ ቁጥራቸው ተቀይሯል፤ የቀድሞው ደቡብ ክልል ራሱ ከ2012 እስከ 2015 ዓ.ም. ባለው ጊዜ አራት ክልሎች ሆኗል። የማይለወጠውን ጻፉ፦ የአጥቢያው ታቦት፣ የገበያው ቀን፣ የወንዙ ስም፣ የወፍጮው ባለቤት፣ ከዋናው አስፋልት በእግር ስንት ሰዓት እንደሚያስኬድ፣ አባትየው በመንደሩ የሚጠራበት ስም።

ዕድሜም እንዲሁ ነው። ከተገመተ «በግምት» ተብሎ፣ የገመተው ሰውና የገመተበት ምክንያት ይጻፍ፤ ጥርስ ቆጥሮ ነው ወይስ ዘመድ ነግሮት? ዘመድ «ፍልሰታ ሲገባ ነው የተወለደው» ካለ ቃሉ እንዳለ ይቀመጥ፤ ወደ ቀን መለወጡ ሌላ መስመር ላይ። በአገራችን አቆጣጠር የተነገረው ዓመት ወደ አውሮፓ ሲለወጥ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ድረስ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 እንደሚደመር ያልተረዳ ጸሐፊ ልጁን በአንድ ዓመት ያስረጀዋል ወይም ያሳንሰዋል። ትንሽ ስህተት ትመስላለች፤ ልጁ ኋላ ከወንድሙ የልደት ዓመት ጋር ሲያስተያይ ግን ታሪኩ አልገጥም ይለዋል።

የአባት ስም ግን ከሁሉ ይብሳል። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ የትውልድ ክሩ የልጅ፣ የአባትና የአያት ስም ነው። ልጆቹን ሁሉ በመሥራቹ ወይም በአስተዳዳሪው ስም መጥራት ከፍቅር የመጣ ልማድ ቢሆንም ያን ክር ይበጥሳል። የአባቱ ስም ከታወቀ አይነካ። ካልታወቀና ለትምህርት ቤት ስም ማስገባት የግድ ከሆነ፣ ስሙን ቤቱ እንደሰጠው፣ በምን ቀንና ለምን እንደሰጠው ይጻፍ። ክርስትና የተነሳበት ቤተ ክርስቲያን፣ የክርስትና ስሙ፣ የክርስትና አባቱ ወይም የክርስትና እናቷ አብረው ይመዝገቡ። የልደት ምዝገባ በአገር ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው፤ ከዚያ በፊት ለተወለደ ብዙ ሰው ከልደቱ ጋር የሚያገናኘው ወረቀት የክርስትና ካርዱ ብቻ ነው። ያ ካርድ ደግሞ ከቤተ ክርስቲያን እጅ የሚወጣ ነው።

ፋይሉ የተያዘበት ቤት መዝጋት ሲፈልግ ሥራው ቢያንስ ከስድስት ወር በፊት ይጀመር። አስቀድሞ አንድ ጠንካራ ሽፋን ያለው ማውጫ መዝገብ ይዘጋጅ፦ ተራ ቁጥር፣ ስም ከነቅጽል ስሙ፣ የገባበትና የወጣበት ቀን፣ የተረከበው ሰው። የአንድ ልጅ ቁጥር ለሌላ ልጅ በፍጹም አይሰጥ፤ ልጁ ከሄደ በኋላ ቁጥሩን ለአዲስ መጪ መስጠት የሁለት ሰዎችን ታሪክ ያደባልቃል። የሞቱ ልጆችም በዚያው መዝገብ ላይ ይኑሩ፤ የሞቱበት ቀን፣ ምክንያት፣ የተቀበሩበት ቤተ ክርስቲያንና በየትኛው በኩል እንደሆነ። የቱአም ጉዳይ ስለዚህች አንድ መስመር ነው። ቀጥሎ እያንዳንዱ ገጽ፣ የጀርባው ማስታወሻ ሳይቀር፣ ስካን ይደረግ፤ በቀለም፣ ቢያንስ በ300 ዲፒአይ የምስል ጥራት። የፋክስና የደረሰኝ ወረቀት በራሱ ጊዜ ስለሚነጣ መጀመሪያ እሱ ይነሳ። ሁለት ቅጂ በሁለት የተለያዩ ዲስኮች፣ በሁለት የተለያዩ ከተሞች፤ በዓመት አንድ ጊዜ ተከፍተው መሥራታቸው ይታይ። ዋናው ወረቀት በብረት ሳጥን፣ ከመሬት ከፍ ብሎ፣ ከግድግዳ ራቅ ብሎ ይቀመጥ፤ ምስጥ በግድግዳው በኩል ነው የሚመጣው። ከዚያ በቃለ ጉባኤ ለሀገረ ስብከቱ ወይም ለቤተ ክርስቲያኒቱ ዋና ጽሕፈት ቤት ርክክብ ይደረግ፣ የማውጫው ቅጂ ለወረዳው የሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮ ይገባ። የተረከበው ጽሕፈት ቤት እንጂ ግለሰብ አይሁን። በሩ ላይም ለዓመታት የሚቆይ ሰሌዳ ይለጠፍ፦ የዚህ ቤት መዝገብ የሚገኘው እዚህ ነው።

«ለሚበሉት ሳይኖር ለወረቀት?» የሚል ይኖራል። ሳጥኑም ስካነሩም የአንድ ወር የወተት ዱቄት ወጪ አይሆኑም። ከበድ የሚለው ሌላው ጥያቄ ነው፦ እናትየው ስሟ እንዳይነገር ለምናናለች፣ ምስጢሯን እንዴት እናወጣለን? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ሕፃን ወላጆቹን የማወቅ መብት እንዳለው ይደነግጋል። የእናቲቱ ፍርሃትም እውነተኛ ነው። ሁለቱን ማስታረቅ ይቻላል፤ አየርላንድ በ2022 ባወጣችው ሕግ በጉዲፈቻ ያደገ ሰው የልደት መረጃውን ሙሉ በሙሉ እንዲያገኝ ፈቅዳ፣ ወላጅ መገናኘት እንደማትፈልግ ካስመዘገበች መረጃው ከመሰጠቱ በፊት ይህ ፍላጎቷ እንዲገለጽለት አድርጋለች። ማወቅና በር ማንኳኳት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በእኛም ስሟ በታሸገ ፖስታ ተይዞ፣ ልጁ 18 ሲሞላው፣ የሚያማክረው ሰው አጠገቡ ተቀምጦ ሊከፈት ይችላል። ለካህን በንስሐ የተነገረ ቃል ከዚህ ውጭ ነው፤ እሱ ወደ ፋይል አይገባም። የኤችአይቪ ውጤትና የመሳሰለው የሕክምና መረጃም በተለየ የተቆለፈ ፎልደር ይቀመጥ እንጂ ሞግዚቱም ዘበኛውም በሚከፍተው ውስጥ አይሁን።

የሚመጡት ደግሞ ልጆች ብቻ አይደሉም። እናቶችም ይመጣሉ፤ አክስቶች፣ ታላቅ ወንድሞች። ብዙ ጊዜ ከበሩ አያልፉም፤ ዘበኛው «ቢሮው ተዘግቷል፣ ሌላ ቀን ነይ» ይላቸዋል፣ ሌላ ቀን ደግሞ ለትራንስፖርት የሚሆን ብር የላቸውም። ለነሱ አንድ ተራ ደብተር በዘበኛው ክፍል ይቀመጥ፦ የመጡበት ቀን፣ ስም፣ የሚገኙበት ስልክ ወይም የጎረቤት ስልክ፣ የሚፈልጉት ልጅ ስምና የሰጡበት ዓመት፣ የተሰጣቸው መልስ። በየሳምንቱ አርብ ማኅበራዊ ሠራተኛዋ ደብተሩን ትቀበል፣ ከማውጫው ጋር ታስተያይ፣ በልጁ ፋይል ውስጥም «በዚህ ቀን እናቱ ፈልጋው መጥታ ነበር» ብላ ትጻፍ።